ሰማንያ ስድስት ዶላር ስንቅ፦ የአንዲት መንደር ባንክና የወረቀት ገንዘቡ

በባንክ ቤት አነጋገር፣ በሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ገንዘብ ጽፎ ለሌላ የሰጠ ሰው «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» አወጣ ይባላል። ቼኩን የያዘው ሰው መስኮቱ ጋ ደርሶ ባዶ እጁን የሚመለሰው ወረቀቱ ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም። ፊርማው እውነተኛ ነው፣ ወረቀቱም የባንኩ ነው፤ የጎደለው ከወረቀቱ ኋላ ሊኖር የሚገባው ገንዘብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ባንክ ይህንኑ በራሱ ስምና በራሱ ወረቀት ያደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1809 የሮድ አይላንድ ግዛት ምክር ቤት የላካቸው መርማሪዎች ሣጥኑን ሲያስከፍቱ ያገኙት ብርና ሳንቲም በድምሩ 87 ዶላር አይሞላም ነበር። በዚያው ቀን በሰው እጅ ይዘዋወር የነበረው የባንኩ ወረቀት ግን ከ500,000 ዶላር በላይ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ባንኩ የገበሬዎች ልውውጥ ባንክ ይባል ነበር። መቀመጫው በሰሜን ምዕራብ ሮድ አይላንድ ግሎስተር በተባለው ወረዳ ውስጥ ቼፓቸት የምትባል መንደር ስትሆን፣ ወረዳው በሙሉ ሁለት ሺህ አለፍ ያለ ሕዝብ ብቻ ነበረው። ብዙ ጊዜ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያው የባንክ ውድቀት ተብሎ የሚጠቀሰው ይኸው ነው። ነገሩን እንደ ተራ የሌባ ታሪክ ማውራት ቀላል ነው፤ ሌባም አለበት። ይሁን እንጂ የትንሽ ከተማ ባንክ እንዴት የራሱን ገንዘብ ያትም እንደ ነበር፣ ሕዝቡም ለምን ይቀበለው እንደ ነበር ካልተረዳን፣ ስርቆቱ እንዴት እንደ ተቻለ አይገባንም።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የፌዴራሉ መንግሥት የወረቀት ገንዘብ አያትምም ነበር። ገንዘብ ማለት ብረቱ ነበር፤ በተለይም በሜክሲኮና በፔሩ የተመታው የስፔን ብር፣ እስከ 1857 ድረስ በአሜሪካ ሕጋዊ መክፈያ ሆኖ የቆየው። እኛ ጠገራ ብር የምንለው የማሪያ ቴሬዛ ታለር የዚህ የስፔን ብር የቅርብ ዘመድ ነው፤ ዶላር የሚለው ስም ራሱ ታለር ከሚለው ቃል የወጣ ነው። እኛ ደግሞ ዛሬ በኪሳችን የያዝነውን ወረቀት «ብር» ስንለው የማዕድኑን ስም በወረቀቱ ላይ እንደ ተውነው ልብ አንለውም። የ1809 አሜሪካዊ ግን ልዩነቱን አንድም ቀን አይረሳም ነበር። የያዘው ወረቀት ገንዘብ ሳይሆን ገንዘብ የመስጠት ቃል ነበርና። በወረቀቱ ላይ «የእገሌ ባንክ ፕሬዚዳንት፣ ዳይሬክተሮችና ማኅበር ለአምጪው በጠየቀ ጊዜ ይህን ያህል ዶላር ለመክፈል ቃል እንገባለን» የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር ይታተማል። ቁጥሩና ቀኑ በቀለምና በብዕር ይሞላሉ፤ ከታች ፕሬዚዳንቱና ካሺየሩ በእጃቸው ይፈርማሉ። ካሺየር ስንል ዛሬ በመስኮት ገንዘብ የሚከፍለውን ሠራተኛ ማለታችን አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የባንኩን የዕለት ሥራ በሙሉ የሚመራው ሰው ነበር።

ባንኩ ከዚህ እንዴት ያተርፍ ነበር? አንድ የቆዳ ነጋዴ የ100 ዶላር ብድር ፈለገ እንበል። ባንኩ ከሣጥኑ 100 የብር ሳንቲም ቆጥሮ ቢሰጠው፣ ብሩ ሄደ፤ ወለዱ ብቻ ይቀራል። ነገር ግን በራሱ ወረቀት 100 ዶላር ቢያበድረው፣ ነጋዴው በወረቀቱ ቆዳ ይገዛል፣ ቆዳ ሻጩ በወረቀቱ ጨው ይገዛል፣ ጨው ነጋዴው ደግሞ ለሌላ ያሳልፈዋል። ወረቀቱ ወደ ባንኩ መስኮት ተመልሶ «ብሩን ስጡኝ» እስኪባል ድረስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባንኩ ለወረቀቱ ባለቤት አንዲት ሳንቲም ወለድ አይከፍልም፤ ከነጋዴው ግን 6 በመቶ ይቀበላል። ስለዚህ በሣጥኑ 10,000 ዶላር ብር ያለው ባንክ፣ ሁሉም ባለ ወረቀት በአንድ ቀን አይመጣም ብሎ፣ 30,000 ዶላር ወረቀት ቢያወጣ ሥራው ማጭበርበር አልነበረም። ዛሬም ባንኮች የተቀመጠባቸውን ገንዘብ በሙሉ በካዝና አያስቀምጡም። ልዩነቱ የልኩ ጉዳይ ነው፤ ልኩን የሚጠብቀው ደግሞ የመስኮቱ ፍርሃት ብቻ ነበር፤ ማለትም ነገ ማን ይመጣ ይሆን የሚል ፍርሃት።

የትንሽ ከተማ ባንክ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። በቦስተን መሐል ያለ ባንክ ያወጣው ወረቀት በሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፤ ነጋዴው መንገድ ተሻግሮ ብሩን ይጠይቃልና። በቼፓቸት ያለ ባንክ ያወጣው ወረቀት ግን ቦስተን ከደረሰ በኋላ ወደ ብር ለመለወጥ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በፈረስ ወይም በሠረገላ መጓዝን፣ በክረምት ደግሞ በበረዶ ማቋረጥን ይጠይቃል። ለ5 ዶላር ብሎ ማን ይሄዳል? ስለዚህ ወረቀቱ በቦስተን ገበያ ከዋጋው ጥቂት ተቀንሶ ይዞራል፤ የ100 ዶላሩ በ98 ወይም በ97 ይታለፋል። የቅናሹ መጠን በመሠረቱ የመንገዱ ኪራይ ነበር። በእኔ አስተያየት የዚያን ዘመን የገጠር ባንክ ዋና ጥሬ ዕቃ ብር ሳይሆን ርቀት ነበር። ባንኩ በራቀ ቁጥር ወረቀቱ በሰው እጅ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ያለ ብር ማበደር ይቻላል።

የቦስተን ባንኮች በዚህ እጅግ ይበሳጩ ነበር። ሰው በኪሱ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሲኖረው ጥሩውን ያስቀምጥና ደካማውን ይከፍላል፤ ስለዚህ በከተማቸው ገበያ የሚዞረው የሩቅ መንደር ወረቀት ሆኖ የእነርሱ ወረቀት ወዲያው ወደ መስኮታቸው ይመለስ ነበር። በ1804 ይህን ችግር አቃልላለሁ ብሎ የቦስተን ልውውጥ ቢሮ የተባለ ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውም የገጠር ባንኮችን ወረቀት መቀበልና መመንዘር ነበር። ጥቂት ቆይቶ ይህ ድርጅት አንድሩ ዴክስተር በተባለ፣ ሕግ ያጠና፣ ገና ሠላሳ ዓመት ባልሞላው የሮድ አይላንድ ሰው እጅ ገባ። ዴክስተር በመስኮቱ የሚያልፈውን የወረቀት ጎርፍ ሲመለከት ሌሎች እንደ ችግር ያዩትን እርሱ እንደ ዕድል አየው። የሩቅ ባንክ ወረቀት ለመመለስ ጊዜ የሚፈጅ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው የሩቁን ባንክ ራሱን መያዝ ነው።

ያደረገውም ይኸንኑ ነው። በምዕራብ ማሳቹሴትስ ፒትስፊልድ ያለው የበርክሻየር ባንክ በተጽዕኖው ሥር ገባ። ከዚህም የሚያስገርመው የዲትሮይት ባንክ ነው። ዲትሮይት በ1805 በእሳት የወደመች፣ ጥቂት መቶ ሰዎች የሚኖሩባት የድንበር ከተማ ስትሆን፣ ከዓመት በኋላ በቦስተን ባለሀብቶች ገንዘብ ባንክ ተከፈተባት። የፌዴራሉ ምክር ቤት በ1807 የባንኩን የማቋቋሚያ ሕግ ቢሽረውም ወረቀቱ መዞሩን አላቆመም። የዲትሮይት ሕዝብ የአውሬ ቆዳ ለመሸጥና ዱቄት ለመግዛት ያን ያህል ወረቀት አያስፈልገውም ነበር፤ ወረቀቱ የታሰበውም ለእርሱ አልነበረም። ቦስተን ላይ ወጪ እንዲሆን፣ ብር የሚጠይቀው ሰው ግን አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ታስቦ ነው።

የግሎስተሩ ባንክ በ1804 ሲቋቋም የተፈቀደለት ካፒታል 100,000 ዶላር ነበር። በእርግጥ የተከፈለው ግን 20,000 ዶላር እንኳ አልሞላም፤ ዳይሬክተሮቹ ለአክሲዮናቸው ያቀረቡት በአብዛኛው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የራሳቸውን የዕዳ ወረቀት ነበር። ይህ ጉድ ቢሆንም በዘመኑ ብርቅ አልነበረም፤ ባንኩም ለጥቂት ዓመታት እንደ ማንኛውም የገጠር ባንክ ለአካባቢው ገበሬና ባለሱቅ እያበደረ ኖረ። በ1808 ዴክስተር መጥቶ የዳይሬክተሮቹን አክሲዮን ገዛ። የገዛበት ገንዘብ የወጣው ከየት መሰላችሁ? ከራሱ ከባንኩ ነው። ሻጮቹ ከባንካቸው ሣጥን ተከፈላቸው፤ ገዢው ደግሞ ያንኑ ሣጥን ተረከበ።

ከዚያ በኋላ ዴክስተር ከባንኩ የሚበደርበትን ውል አዘጋጀ። የውሉ ቃል በምርመራው ሪፖርት ውስጥ ተመዝግቦ እስካሁን አለ። ዴክስተር የተባለውን ገንዘብ ከዓመታት በኋላ በ2 በመቶ ወለድ ለመክፈል ቃል ይገባል፤ ሆኖም ዋናው ባለአክሲዮን እርሱ ስለሆነና መቼ መክፈል እንደሚገባ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እርሱ ስለሆነ፣ ራሱ ተገቢ ነው ብሎ እስኪያስብ ድረስ ክፈል ተብሎ አይጠየቅም ይላል። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የምገረመው በድፍረቱ ሳይሆን በግልጽነቱ ነው። ያለ ምንም መሸፋፈን በጽሑፍ አስቀመጠው፣ ዳይሬክተሮቹም ተቀበሉት።

ወረቀቱን ማተም ቀላል ነበር። ያዕቆብ ፐርኪንስ የተባለው የማሳቹሴትስ የእጅ ባለሙያ ለመኮረጅ የሚያስቸግር የብረት ማተሚያ ሰሌዳ ፈልስፎ ነበርና የባንኩ የ1808 ወረቀቶች በእርሱ ሰሌዳ ታተሙ። ሰሌዳው የወረቀቱን ዋጋ በደቃቅ ፊደል ደጋግሞ ያትማል፤ ለተለያዩ ባንኮች ሲታተም የሚለወጠው የባንኩና የከተማው ስም ያለበት ቁራጭ ብቻ ነው። የዘመኑ ሰው ትልቁ ሥጋት የሐሰተኛ ኖት ስለ ነበር የፐርኪንስ ሰሌዳ የታተመበት ወረቀት ልብ ያሳርፍ ነበር። እንግዲህ የግሎስተር ወረቀት ከሐሰተኛ ኖት የተጠበቀ፣ በሁሉም ረገድ እውነተኛ ወረቀት ነበር።

የሚያስቸግረው መፈረሙ ነበር። ግማሽ ሚሊዮን ዶላር፣ አንዱ ወረቀት በአማካይ 5 ዶላር ቢሆን እንኳ፣ 100,000 ወረቀት ማለት ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ የ1፣ የ2፣ ከዚያም አልፎ የ3 ዶላር ኖት ይታተም ስለ ነበር ቁጥሩ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ሰው በየ10 ሰከንዱ አንድ ወረቀት እየፈረመ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ አራት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ቁጥርና ቀን መሙላቱ ሳይቆጠር። ዴክስተር ከቦስተን ለካሺየሩ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች የሚያሳስበውም ይህንኑ ነው፦ ከባንክ ሰዓት ውጪ፣ ቀንም ሌሊትም ፈርም፤ ነገር ግን በቤትህ፣ በር ዘግተህ፣ ሰው ሳያይህ ይሁን። ካሺየሩ የፈረመው አነሰ ብሎም ይወቅሰዋል። የመንደሩ ሰው የባንኩ ካሺየር መብራት ለምን እስከ እኩለ ሌሊት እንደሚበራ ሳይጠረጥር አይቀርም ብዬ አስባለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ግምት ነው።

ይህ ሁሉ ወረቀት የሚሄደው ቦስተን ላይ ዴክስተር ወደሚያሠራው ሕንፃ ነበር። የልውውጥ ቡና ቤት ይባላል፤ ስሙ ቡና ቤት ይበለው እንጂ ሰባት ፎቅ የነበረው፣ ከ200 በላይ ክፍሎች፣ ትልቅ ጉልላትና የነጋዴዎች መገናኛ አዳራሽ ያለው፣ በዘመኑ በአገሪቱ ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ ከትልልቆቹ የሚቆጠር ነበር። ዴክስተር ለግንበኛውም ለአናጺውም ለጡብ ሻጩም የሚከፍለው በሩቅ ባንኮቹ ወረቀት ነበር። እስቲ ይታያችሁ፦ በቼፓቸት ጓዳ የተፈረመ ወረቀት በቦስተን ጡብ ይሆናል። ጡቡ እውነተኛ ነው፤ ዕዳው ደግሞ በሠራተኛው ኪስ ውስጥ ነው። ሕንፃው ተከራይ አግኝቶ ገቢ ቢያስገባ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ምናልባት በጤና ያልፍ ነበር፤ ዴክስተርም የተማመነው በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጊዜው ግን አልረዳውም። በታኅሣሥ 1807 የፌዴራሉ መንግሥት ከውጭ አገር ጋር የሚደረገውን የመርከብ ንግድ ስለ ከለከለ የቦስተን ወደብ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ሥራ ፈትቶ ቆየ። ነጋዴው ሲቸግረው ወረቀቱን ወደ ብር መለወጥ ፈለገ። ናታን አፕልተን የተባለው ወጣት ነጋዴና ጓደኞቹ የገጠር ባንኮችን ወረቀት እየሰበሰቡ በሰው እየላኩ ብር መጠየቅና እምቢ ያለውን መክሰስ ጀመሩ። ዴክስተርም ለግሎስተር ባንክ መመሪያ ሰጠ፦ የመጣውን ሰው አዘግዩ፣ ቀስ ብላችሁ ቁጠሩ፣ ከቻላችሁ በብር ፋንታ ከሳምንታት በኋላ የሚከፈል የክፍያ ትእዛዝ ስጡት። በመስኮት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» የተባለ ሰው ዘዴውን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በ1809 መጀመሪያ ላይ ወረቀቱን የሚቀበል ጠፋ። የምክር ቤቱ መርማሪዎች ወደ ቼፓቸት ሲሄዱ የባንኩ መዝገብ የተዘበራረቀ ስለ ነበር ምን ያህል ወረቀት እንደ ወጣ በትክክል ለማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኖባቸዋል። ከስንቁ መጠን በቀር፤ ያን ለመቁጠር ግን ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጉዳቱ የደረሰው በነማን ላይ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ባለጸጋው ነጋዴ ወረቀቱን በቅናሽም ቢሆን ቀድሞ አሳልፏል። በእጃቸው የቀረባቸው የሳምንት ደመወዛቸውን በእርሱ የተቀበሉ የቀን ሠራተኞች፣ ከብት የሸጡበት ገበሬዎችና የሠፈር ባለሱቆች ነበሩ።

ዴክስተር ከባለዕዳ እስር ለማምለጥ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ሥር ወደነበረችው ኖቫ ስኮሺያ ሸሸ። ቡና ቤቱ ተጠናቆ ተከፈተ፣ በኅዳር 1818 ደግሞ ተቃጠለ። ሰውዬው ግን በዚህ አላበቃም። ከዓመታት በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ አላባማ ውስጥ መሬት ገዛ፣ ከተማ ቆረቆረ፣ አንዱን ኮረብታ አንድ ቀን የግዛቱ ምክር ቤት ይሠራበታል ብሎ ባዶ አስቀመጠው። ከተማዋ ሞንትጎመሪ ነች፤ ምክር ቤቱም እርሱ ከሞተ በኋላ በዚያው ኮረብታ ላይ ተሠራ። ዴክስተር በ1837 በቢጫ ወባ ሞተ። በስሙ የተጠራው ጎዳና ላይ ያለውን የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ማርቲን ሉተር ኪንግ ከ1954 ጀምሮ በመጋቢነት ስላገለገሉበት ዴክስተር የሚለው ስም ዛሬ የሚያስታውሰን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ወረቀቱ እንመለስ። ከግሎስተር ውድቀት በኋላ ማሳቹሴትስ በ1810 ወረቀቱን በብር ለመለወጥ እምቢ ባለ ባንክ ላይ በወር 2 በመቶ ቅጣት ደነገገ። እውነተኛው መድኃኒት የመጣው ግን ከሕግ ሳይሆን ከነጋዴዎች ሲሆን፣ ዒላማውም ርቀቱ ራሱ ነበር። በ1824 የቦስተን ባንኮች ገንዘብ አዋጥተው የገጠሩን ወረቀት በሙሉ የመሰብሰቡን ሥራ ለሰፎክ ባንክ ሰጡት። ሰፎክ ለገጠር ባንኮች ያቀረበላቸው ምርጫ ሁለት ነው። እኔ ዘንድ ያለ ወለድ ተቀማጭ አኑሩ፣ ወረቀታችሁን ቦስተን ላይ በሙሉ ዋጋው እቀበላለሁ፤ ካልሆነም ወረቀታችሁን በከረጢት ሰብስቤ እመጣለሁ፣ በአንድ ቀን ብሩን ታስረክቡኛላችሁ። ባንኮቹ አማረሩ፤ ሰፎክን እንደ አስገባሪ ያዩትም ብዙ ነበሩ። ቢሆንም ገቡበት። ከዚያ ወዲያ የቬርሞንት ተራራ ላይ ያለ ባንክ ወረቀት ቦስተን ላይ ያለ ቅናሽ ይመነዘር ጀመር፤ የርቀት ኪራይ ቀረ፤ ከርቀት የሚገኘው ትርፍም አብሮ ቀረ።

ሰፎክ ያልደረሰበት ምዕራቡ ግን የግሎስተርን ታሪክ ገና አልተማረም ነበር። ሚቺጋን በ1837 ማንም ቅድመ ሁኔታውን ያሟላ ሰው ባንክ መክፈት ይችላል ስትል ከ40 በላይ ባንኮች በአጭር ጊዜ በጫካ መሐል በቀሉ። ሕጉ 30 በመቶ የብር ስንቅ ይጠይቅ ስለ ነበር ተቆጣጣሪዎች ይላካሉ፤ ባንኮቹ ደግሞ አንዱን የብር ሣጥን ከተቆጣጣሪው ቀድመው በሌሊት ከባንክ ወደ ባንክ ያጓጉዙታል። ምስማርና የመስተዋት ስባሪ ሞልተው ላዩን በብር የሸፈኑ ሣጥኖችም ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ በሐይቅ ዳር በነበረች ሲንጋፖር በተባለች ትንሽ ከተማ የተከፈተ ሲሆን፣ ዛሬ ከተማዋ ራሷ በአሸዋ ክምር ሥር ናት።

በ1860 አካባቢ በአገሪቱ ከ1,500 የማያንሱ ባንኮች የየራሳቸውን ወረቀት ያወጡ ስለ ነበር በገበያ ላይ ያለው የኖት ዓይነት ከ7,000 ይበልጥ እንደ ነበር ይነገራል። ባለሱቅ የሆነ ሰው በመደርደሪያው ሥር የኖቶችን ዝርዝርና የየባንኩን ቅናሽ የያዘ መጽሔት ሳያስቀምጥ መነገድ አይችልም ነበር፤ አንድ የማያውቀው ኖት ሲሰጠው ገጹን ይገልጣል፣ ባንኩ መኖሩን ያያል፣ ቅናሹን ያሰላል፣ ከዚያ ስኳሩን ይመዝናል። ከእነዚህ መጽሔቶች የታወቀውን ያሳትም የነበረው ጆን ቶምፕሰን በ1877 ቼዝ ናሽናል ባንክን መሥርቷል። የወረቀትን ጥሩና መጥፎ ሲለይ የኖረ ሰው ባንክ ቢከፍት አይገርምም።

ይህን ሥርዓት የቀየረው የርስ በርስ ጦርነቱ ነው። የሊንከን መንግሥት ለጦርነቱ ገንዘብ መበደር ነበረበት፤ ስለዚህ በ1863ና በ1864 በወጡት ሕጎች የትንሽ ከተማ ባንክ ወረቀት እንዲያወጣ ፈቅዶ ስንቁን ግን ከባንኩ ሣጥን አወጣው። ብሔራዊ ባንክ ለመባል የሚፈልግ ባንክ (እዚህ ላይ ማዕከላዊ ባንክ ማለት ሳይሆን በፌዴራል ፈቃድ የሚሠራ የግል ባንክ ማለት ነው) የመንግሥት ቦንድ ይገዛል፣ ቦንዱን ዋሽንግተን ላለው ግምጃ ቤት ያስረክባል፣ የቦንዱን ዋጋ 90 በመቶ የሚያህል ኖት ታትሞ ይሰጠዋል። የድሮዎቹ የግዛት ባንኮች ወረቀት ላይ ደግሞ 10 በመቶ ግብር ስለ ተጣለ በጥቂት ጊዜ ከገበያ ወጣ።

ኖቱ አሁንም የከተማይቱን ስምና የባንኩን የፈቃድ ቁጥር ይዟል። ኖቶቹ ሳይቆረጡ በሉክ በሉክ፣ ብዙ ጊዜ አራት አራት ሆነው፣ በፖስታ ይመጣሉ፤ ፕሬዚዳንቱና ካሺየሩ አንድ በአንድ ይፈርሙና በመቀስ ይቆርጧቸዋል። ከአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ ዛሬም የመቀሱ መዛባት ይታያል። ይህ የፊርማ ሥራ ከግሎስተሩ ጋር ቢመሳሰልም አንድ ልዩነት አለው፤ ከተፈረመው ቁጥር ኋላ ያለው ስንቅ ዋሽንግተን ውስጥ ተቆልፏል፣ ካሺየሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈርም ከተላከለት ሉክ በላይ መፈረም አይችልም።

እስከ 1900 ድረስ በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ባንክ ለመክፈት 50,000 ዶላር ካፒታል ያስፈልግ ነበር። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ከ3,000 የማይበልጥ ሕዝብ ላላት ከተማ ካፒታሉን ወደ 25,000 ዝቅ አደረገ፤ የኖቱንም መጠን ከ90 ወደ 100 በመቶ ከፍ አደረገ። ስሌቱን እናስላው። ባንኩ በ25,000 ዶላር 2 በመቶ የሚከፍል ቦንድ ቢገዛ በዓመት 500 ዶላር ወለድ ያገኛል፤ በኖቱ ላይ ግማሽ በመቶ፣ ማለትም 125 ዶላር፣ ግብር ይከፍላል። ከኖቱ 5 በመቶውን፣ 1,250 ዶላር፣ ለመመንዘሪያ መጠባበቂያ ግምጃ ቤት ያስቀምጣል። የቀረውን 23,750 በ6 በመቶ ቢያበድር 1,425 ዶላር ይሆናል። በድምሩ 1,800 ዶላር። ያንኑ 25,000 ቦንድ ሳይገዛ በቀጥታ ቢያበድረው ኖሮ 1,500 ያገኝ ነበር። እንግዲህ ወረቀት የማውጣት ትርፉ በዓመት 300 ዶላር ነው፣ ከዚያም ላይ የማጓጓዣና የመሳሰለው ወጪ ይቀነሳል። ዴክስተር ቢያየው ይስቅ ነበር። ቢሆንም የባንኩ ስም በከተማው ሰው ሁሉ ኪስ ውስጥ መግባቱ ራሱ ማስታወቂያ ነበርና ትንንሽ ከተሞች ተሻሙበት፤ በ14 ዓመት ውስጥ የብሔራዊ ባንኮች ቁጥር ወደ እጥፍ ተጠጋ። በጠቅላላው ከ12,000 በላይ ባንኮች በዚህ ሥርዓት ወረቀት አውጥተዋል።

ሥርዓቱ ያስተካከለውንና ያላስተካከለውን መለየት ያስፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ ሲወድቅ ኖቱን የያዘ ሰው ሳንቲም አይጎድልበትም፤ ግምጃ ቤቱ ቦንዱን ይዟልና ይከፍለዋል። ብዙ ጊዜም ሰው የወደቀውን ባንክ ኖት እንደ ያዘ እንኳ አያውቅም። በዚያው ባንክ በደብተር ያስቀመጠ ጎረቤቱ ግን የቁጠባውን ግማሽ ሊያጣ ይችላል። የወረቀቱ ስንቅ በሕግ ሲታሰር የደብተሩ ስንቅ አልታሰረም ነበር፤ በ1930ና በ1933 መካከል በሺህ የሚቆጠሩ ባንኮች ሲዘጉ የተሰለፈው ሕዝብ ባለ ኖት ሳይሆን ባለ ደብተር ነበር። ለደብተሩ የፌዴራል ዋስትና የተሰጠው ከጃንዋሪ 1934 ጀምሮ ሲሆን፣ መነሻውም ለአንድ ሰው እስከ 2,500 ዶላር ነበር።

የከተማ ስም ያለበት ወረቀት ከዓመት በኋላ አበቃ። መንግሥት ለኖቶቹ መያዣ የነበሩትን ቦንዶች በጁላይና በኦገስት 1935 ከፍሎ ጠቀለላቸው፤ መያዣው ሲጠፋ የሚታተም ኖት አልነበረም። በገበያ ያሉት ወደ ባንክ በገቡ ቁጥር ተሰብስበው ተቃጠሉ። ያልተሰበሰቡት እስከ ዛሬ በአሜሪካ ሕግ በጽሑፋቸው ዋጋ ይከፈልባቸዋል፤ አንዲት የአዮዋ መንደር ባንክ ከተዘጋ 90 ዓመት ቢያልፈውም የባንኩ 10 ዶላር 10 ዶላር ነው፣ ሰብሳቢዎች ከዚያ እጅግ የበለጠ ስለሚከፍሉበት ማንም ወደ ሱቅ አይወስደውም እንጂ። የግሎስተሩን ወረቀትም ሰብሳቢዎች ይገዙታል። ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ላለው ወረቀት ዋጋው ያን ያህል ውድ አይደለም፤ ካሺየሩ ሌሊት የፈረመው ብዙ ስለ ነበር፣ ከዚያም ማንም ሊመነዝረው ስላልቻለ፣ ብዙው እስከ ዛሬ ተርፏል።